የስፖርት መምህሩ የት ይሠልጥን?

እንደሚታወቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ስፖርት» እየተባለ የሚጠራው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በብሔራዊ ፈተና አይቀርብም፡፡ የማይፈተን ትምህርት ደግሞ በርእሰ መምህሩም፣ በወላጁም ዘንድ የእንጀራ ልጅ ነው፡፡ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ሲፈለግ ቀድሞ የሚነጠቀው የእርሱ ነው፡፡ ይህ ንቀት ወደ መምህራን ሥልጠናው ሲዘልቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል፡፡

ከ2003 ዓ.ም. በፊት ዕጩ መምህሩ የትምህርቱን ዓይነትና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን እየተማረ ይመረቅ ነበር፡፡ በኋላ በመጣው አሠራር ግን ሦስት ዓመት ስፖርት ሳይንስ የተማረ ወጣት፣ ማስተማርን የሚማረው ዲግሪውን ከያዘ በኋላ በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ሆነ፡፡ መምህርነት ከሥር የሚገነባ ሙያ መሆኑ ቀርቶ ከላይ የሚደረብ ካባ መሰለ፡፡

እስቲ ጉዳዩን ወደ ቆቦ እንውሰደው፡፡ በደጋ ከተማ የሠለጠነ መምህር በራያ ቆላ ቀትር ላይ ተማሪዎቹን ያስሮጣል እንበል፡፡ ጥላው፣ ውኃው፣ ክፍለ ጊዜውን ወደ ማለዳ ማዞሩ፣ ሙቀት የመታውን ልጅ ለይቶ መርዳቱ፣ እነዚህ ሁሉ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይለመዱም፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይታለች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመልሶባታል፡፡ በእንዲህ ያለ አካባቢ እግሩን ያጣ ተማሪ ቢመጣ መምህሩ ምን ያድርገው? በሩጫ ይመዝነው ወይስ ከዛፍ ሥር ያስቀምጠው? ሁለቱም በደል ነው፡፡ ሦስተኛውን መንገድ ማሳየት ያለበት ሥልጠናው ነው፡፡ በነሐሴ ለሶለል ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ የሚውሉ ልጃገረዶችስ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ለምን ዳር ይቆማሉ? ጭፈራቸውን ወደ ትምህርት የሚለውጥ መምህር ቢያገኙ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር፡፡

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ ይህ ድንጋጌ የሚፈጸመው በስታዲየም ብቻ አይደለም፡፡ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም ከቆቦ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፡፡ ያማረ ስታዲየም ነው፤ ነገር ግን የቆቦን ተማሪ በሳምንቱ መካከል ከወንበሩ አያስነሣውም፡፡ የሚያስነሣው መምህሩ ነው፡፡

በጀት የለም የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም፡፡ ነገር ግን የተጠየቀው ሕንፃ አይደለም፡፡ ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ዕጩ መምህራን ቢያንስ አንድ ወሰነ ትምህርት በቆላ ትምህርት ቤት ይለማመዱ፤ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና አካል ጉዳተኞችን ማስተማር በተግባር ይፈተኑ፡፡ ትምህርቱ ለተማሪው ፈተና ላይ ባይቀርብ እንኳ፣ ለመምህሩ ግን ፈተና ሊኖረው ይገባል፡፡