መግደል ካልቻላችሁ አታሳድጉ

መስታወት ሣጥን ውስጥ ለተዘጋ ዘንዶ አይጥ ከነነፍሱ የሚጥል ሰው ጨካኝ ነው። ለስለስ ያለ ቃል አልፈልግለትም። «ተፈጥሮ ነው» ይሉናል። የቱ ተፈጥሮ? ዱር ያለች አይጥ ጉድጓድ አላት፣ የምትሸሸግበት ሣር አላት፤ ብዙ ጊዜም ታመልጣለች። መስታወቱ ውስጥ ወዴት ትሂድ?

ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ደረጃ ላይ ልጆች አንድ ስልክ ከበው አየሁ። ቪዲዮው የውጭ ነው። ነጭ አይጥ የሣጥኑን ጥግ ትቧጥጣለች፣ ትንሸራተታለች፣ ደግማ ትቧጥጣለች። እባቡ አልራበውም መሰለኝ፣ ንቅንቅ አይልም። የሚቀርጸው ሰው ይስቃል። ልጆቹም አብረው ሳቁ። ደሜን ያፈላው የእነሱ ሳቅ ነው፤ ጭንቀት ማየት እንደ ጨዋታ እየለመዱ ነው።

ለእባቡም ቢሆን አይበጀውም። ካልራበው እባብ ጋር የተተወች አይጥ ትነክሳለች፤ ዓይኑን ታጠፋለች፣ ጀርባውን አጥንቱ እስኪታይ ትበላዋለች። ሥራውን የሚያውቁ አሳዳጊዎች ቀድሞ የተገደለና ፍሪዘር ውስጥ የቆየ አይጥ በረዶውን አቅልጠው፣ በሙቅ ውኃ አሙቀው፣ በረጅም መቆንጠጫ እያወዛወዙ ይሰጣሉ። እባብ የሚከተለው ጠረን ነው፤ ዘንዶ ደግሞ ሙቀትም ይለያል። የሞተ የማይለምድ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የአሳዳጊው ትዕግሥት ነው።

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛም እባብ አለበት። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው፣ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመዘገበው የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን እፉኝት ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ቤት መስታወት ውስጥ ይኖራል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ በሰው እጅ ያለን እንስሳ ያለአግባብ ማሠቃየት ወንጀል ነው። እኛ ይህን ከፈረንጅ መማር አልነበረብንም። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ፣ በተሳለ ቢላዋ ቶሎ ያርዳል። ቢላዋውን በጉ እያየ መሳል ነውር ነው ተብለን አድገናል። ታዲያ ለበግ ያወቅነውን ለአይጥ ለምን ረሳነው?

ማጣበቂያ ላይ የተያዘች አይጥ እየጮኸች ለድመት የምትወረውሩ ጎረቤቶቼ፣ እናንተም ያንን ቪዲዮ ከቀረጸው ሰው አትለዩም። አይጥ እህል ትበላለች፣ በሽታ ታመጣለች፤ አጥፏት፣ አልከራከርም። ግን መጀመሪያ ግደሏት። አንድ ምት ይበቃል። ልጆቹንም ሰብስባችሁ አታሳዩ።