ካቻፑን አትናቁት

ጃፓኖች «ኤቢ ቺሊ» የሚሉት ጣፋጭና የሚያቃጥል የሽሪምፕ ምግብ በየቤቱ ሲሠራ ካቻፕ ይገባበታል። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ተሳስተዋል።

ምግቡን ጃፓን ውስጥ ያስለመደው የቻይናዋ ሲችዋን ግዛት ተወላጅ ቼን ኬንሚን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ «ሺሴን ሃንተን» የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። የአገሩ ቅመም ለጃፓኖች አፍ ስለከበደ፣ ቃጠሎውን በካቻፕ አለዘበው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሽሪምፑ ነው። ጀርባው ተሰንጥቆ ጥቁሩ ክር ይወጣል፤ በጨውና በድንች ስታርች ታሽቶ ይታጠባል፤ ውሃው በደንብ ከደረቀ በኋላ እንደገና ስታርች ተነስንሶበት በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ቀላ ብሎ ሲጠቀለል ወዲያው ይውጣ፤ ከቆየ እንደ ጎማ ይደርቃል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ከባቄላ ጋር የተብላላ የቃሪያ ድልህ ሽታቸው እስኪያውድ ይቁላላሉ። ካቻፕ፣ ስኳርና ውሃ ይከተላሉ፤ መረቁ ሲወፍር ሽሪምፑ ይመለሳል። ድልሁ ቢጠፋ ሌላ የሚያቃጥል ይተካዋል፤ ካቻፑን ግን አይተዉት።