ቁመት ብቻውን አይጫወትም

ልጃችሁ በ14 ዓመቱ አባቱን በቁመት ከበለጠ «ቅርጫት ኳስ አስገቡት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አስገቡት፤ ግን አታቻኩሉት። ቁመቱ የአዋቂ ቢመስልም ልቡ ገና የልጅ ነው።

ናይጄሪያዊው ሀኪም ኦላጁዎን ሌጎስ እያለ የእግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር። በ1980 ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይሰለፍ አሳለፈ። ኋላም በሰመር ከታላቁ ሴንተር ከሞሰስ ማሎን ጋር እየተጋፋ ተማረ። በረኛ ሆኖ የለመደው የእግር ቅልጥፍና ቅርጫቱ ሥር ጠቀመው። በ1984 በኤንቢኤ ድራፍት 1ኛ ተመረጠ፤ የሻምፒዮንነት ዋንጫ ያነሳው ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

እኛ ኩሽና ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ አይገባም። ልጅም እንደዚያው ነው። ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ዛሬ እግርህን እንዴት አዞርክ? ምን አዲስ ነገር ሞከርክ?» በሉት።