ዳኛውም እርሱ፣ አጫዋቹም እርሱ

በአገራችን ወጣቶች ላይ ስለወረደው የስፖርት ውርርድ መዓት ከአገር ቤት ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይለቀሳል። የሃይማኖት አባቶች ያወግዙታል፣ ወላጆች ያማርራሉ፣ ባለሥልጣናትም ሲሻቸው ቤቶቹን ያሽጋሉ። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው የወጣቱን ጥፋት ሳይሆን የሕጉን ነው። አርሴናልና ቼልሲ የሚጋጠሙት እኛ በምንኖርባት ለንደን ነው፤ ገንዘቡ የሚበላው ግን በመርካቶ፣ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ነው። ከዚያም ገንዘብ ውስጥ እኛው ለትምህርትና ለቤት ኪራይ ብለን የላክነው እንዳለበት አንባቢ አይስተውም።

እንግሊዝ በዚህ ረገድ ቅድስት አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቁማር ሕጓ የማስታወቂያውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙው ድካም የተከፈተውን መልሶ ማጥበብ ሆኗል። በውርርድ ቤቶች የተተከሉት ማሽኖች በየሃያ ሴኮንዱ እስከ 100 ፓውንድ ያስይዙ ነበር። ብዙ ስደተኛ የሚኖርበት የምሥራቅ ለንደኑ የኒውሃም ማዘጋጃ ቤት ከዘጠና በላይ ማዘጋጃ ቤቶችን አስተባብሮ መጠኑ ወደ 2 ፓውንድ እንዲወርድ ጠየቀ። መንግሥት ከተስማማ በኋላ አፈጻጸሙን ለማዘግየት ቢሞክር፣ ጉዳዩን የያዙት የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። መንግሥትም አፈገፈገ፤ ገደቡ በኤፕሪል 2019 ጸና። ለድሃ ልጅ ኪስ ብሎ ወንበሩን የሚለቅ ሚኒስትር ማየት ለእኛ ትውልድ ብርቅ ነው።

ሕጉ ወደ ኢንተርኔቱም ተከትሎ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለብሪታንያ ነዋሪ ቁማር የሚያቀርብ ድርጅት፣ ቢሮው ማልታም ይሁን ጂብራልታር፣ ከብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነበት። ከ2020 ወዲህ በክሬዲት ካርድ መወራረድ ክልክል ነው፤ «አታጫውቱኝ» ብሎ የተመዘገበን ሰውም ፈቃድ ያላቸው ድረ ገጾች ሁሉ እንዲያግዱት ይገደዳሉ። በ2025 አቋማሪዎቹ ለሱሰኞች ሕክምና ጭምር የሚውል የግዴታ መዋጮ ተጣለባቸው።

በአገራችንስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 535 ሎተሪ የማጫወትንም፣ ለሌሎች ፈቃድ የመስጠትንና የመቆጣጠርንም ሥልጣን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር እጅ አስቀመጠ። የስፖርት ውርርድ በዚሁ መሥሪያ ቤት ፈቃድና መመሪያ ገባ እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ነን የሚሉት ተከራክረውበት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ፣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። መንግሥት ከፈቃዱ አገኘ፣ ከአሸናፊውም አገኘ። ለተሸናፊው ማን ይጠየቃል?

መልሱ የሆነው ማሸግ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ውርርድ ቤቶችን ሲያሽግ በቴሌቪዥን አይተናል። በሩ ሲታሸግ ግን ውርርዱ ወደ እጅ ስልክ ገባ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለማስያዝ ከአልጋ መነሣት እንኳ አያስፈልግም። እንጀራውን ያጣው ትኬት ቆራጩ ልጅ ብቻ ነው።

«ኢንተርኔትን መቆጣጠር አይቻልም» የሚለውን ሰበብ አንቀበልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አገሪቱን በሙሉ ለሳምንታት ከኢንተርኔት የቆረጠ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራን ክልል ሕዝብ የሞባይል ኢንተርኔት የነፈገ አገዛዝ አቅም የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? ይሁንና የምንጠይቀው ተጨማሪ የመዝጊያ ቁልፍ እንዳይመስል። የተቃዋሚ ድረ ገጾች በ1998 ዓ.ም. እንዴት እንደታገዱ የምናስታውስ ሰዎች፣ ቁማርን ሰበብ ያደረገ የማገድ ሥልጣን ነገ በማን ላይ እንደሚዞር እናውቃለን።

መያዝ ያለበት ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በስልክ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር ወደ ውርርድ እንዳይሻገር በሕግ ይከልከል። በፋይዳ መታወቂያ ዕድሜ ይጣራ፤ ራሱን ያገደም ሰው በዚያው ይታወቅ። አቋማሪዎቹ የሚያዋጡት ገንዘብ ለአማኑኤል ሆስፒታልና ለመሰሎቹ ይድረስ እንጂ በጥቅሉ ካዝና ውስጥ አይጥፋ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ራሱ ሎተሪ የማይሸጥ፣ ሒሳቡንም በየዓመቱ በይፋ የሚያቀርብ ይሁን። አገር ቤት ያላችሁ የሕግ ባለሙያዎች ረቂቅ ብታዘጋጁ፣ የዚህን አገር ሕጎች ከነጉድለታቸው ተርጉመን ለመላክ ዝግጁ ነን።

በመካከላችንም ይህ ችግር አለ፤ ነውር ስለሚመስለን አናወራውም። ለንደን ያላችሁ፣ ጋምስቶፕ በተባለው መዝገብ ራስን ማሳገድ ክፍያ የለውም፤ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራ የቁማር ሱስ ክሊኒክም በከተማችን አለ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።