ስለ ዳኝነትና ስለ አንዲት ዳኛ ያለኝ አስተያየት



«ወደፊት ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ተብለን በተጠየቅን ቁጥር አብዛኛዎቻችን ሐኪም፣ መምህር ወይም መሐንዲስ እንላለን። ዳኛ የሚል ግን እስካሁን ከክፍላችን አልሰማሁም። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ዳኝነት በትልቅ ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ይልቁንም ለወንድ የሚገባ ሥራ ነው የሚል መልስ አገኛለሁ። እኔ ይህን አሳብ አልቀበለውም። የማልቀበልበትንም ምክንያት በአንዲት ዳኛ ሕይወት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ተወለዱ። ካርታ የገለጠ ተማሪ እንደሚያየው አሶሳ በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ወሰን ተጠግታ የምትገኝ ከተማ ናት። የእኛ ኦሞራቴም በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ ወሰን ተጠግታ በኦሞ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሁለቱም ዳር አገር ናቸው። ከዚያ ዳር አገር የተነሡት ልጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1986 ተመረቁ፤ ከ1989 እስከ 1992 ድረስም የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። በበታች ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው «ፍርድ ጎደለብኝ» ብሎ ይግባኝ የሚለው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ እዚያ የሚቀመጥ ዳኛ የሰውን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ዳኛ ሥራም ይመረምራል።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ የሠሩት ነው። ዳኛ የሚፈርደው በፊቱ በቀረበው ነገር ብቻ ነው፤ ሊከስስ የማይችል ሰው ከፊቱ አይደርስም። ወይዘሮ መዓዛ ለሕገ መንግሥት አርቃቂው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ሴቶች ማኅበሩ በነጻ ይቆምላቸው ጀመር።

በ1996 እ.ኤ.አ. የደረሰው የአበራሽ በቀለ ጉዳይ በዚህ ጊዜ የመጣ ነው። አበራሽ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች በአርሲ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ተከራከረላትና ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ድፍረት የተባለው ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. የተሠራው ከዚሁ ታሪክ ተነሥቶ ነው። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ቢያገባ ቅጣቱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በደሉ ራሱ ለበዳዩ መዳኛ ሲሆን! በ1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን መውጫ ዘጋው። ሕጉ በአንድ ሰው ጉልበት ተለወጠ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ጮኸው የጠየቁ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ በራሱ ጊዜ ይለወጥ ነበር ብዬ አላምንም። ማኅበሩም በ2001 እ.ኤ.አ. መንግሥትን በመንቀፉ ለጥቂት ጊዜ ታግዶ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። (በጥንት ጊዜ የዳኞች አለቃ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የንጉሥ አፍ የሆነ ሰው የሚናገረው የንጉሥን ቃል ነው። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል፤ ይህ ይሻላል።) በእርሳቸው ጊዜ የፍርድ ቤቶችና የዳኝነት አስተዳደር አዋጆች፣ ቁጥር 1234 እና 1233/2013፣ ወጡ። በዚያው ጊዜ ግን ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ያለውን ሰው ፖሊስ አልለቅም አለ የሚል አቤቱታ ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። የዳኛ ትእዛዝ ካልተፈጸመ አዋጁ ቢያምር ምን ይጠቅማል? በጥር 2015 ዓ.ም. ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ።

አሁን ወደ ኦሞራቴ ልመለስ። አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ ሽማግሌዎች አሉን፤ ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ስለ ግጦሽና ስለ ከብት ዝርፊያ ጠብ በተነሣ ጊዜ በአንድ ቀን ጥላ ሥር የሚያስታርቁትን፣ ፍርድ ቤት በዓመት ቀጠሮ አይጨርሰውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ነገር ግን «ከተስማሙ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። የጋብቻ ከብት በሚቆጠርበት ጊዜ ልጅቱ ከጥላው ሥር አትቀመጥም፤ ስለዚህ ተስማማች የሚለው ሌላ ሰው ነው። ለእርስዋ ሌላ በር መኖር አለበት።

ያ በር በወረቀት ላይ አለ። ከወረዳው ፍርድ ቤት ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለውም አዲስ አበባ ድረስ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። ቢያንስ አምስት ዳኞች ተሰይመው በዚያ የሚሰጡት የሕግ ትርጉም ለአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ገዥ ነው። የኦሞራቴ ልጅ ጉዳይ የጎንደርን ፍርድ ሊያቀና ይችላል ማለት ነው። ግን የመንገዱን ወጪ ማን ይችላል?

ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ክርክሩ በአማርኛ ይካሄዳል፤ ብዙ እናቶቻችን የሚያውቁት ዳሰነችኛን ነው። ለተከሰሰ ሰው መንግሥት በራሱ ወጪ አስተርጓሚ እንዲያቀርብለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዝዛል፤ አስተርጓሚው ግን ከሰማይ አይወርድም። ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተን የምናውቅ እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነን። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት የሥነ ዜጋ ክበባችን የወረዳውን ዳኞች ጋብዞ እንዲያነጋግረን፣ ከፍ ያለ ክፍል የደረስን ተማሪዎችም ችሎት ገብተን እንድናዳምጥ ይፈቀድልን ዘንድ ርእሰ መምህሩን እለምናለሁ። ወላጆችንም የምለምነው አለኝ፤ ሴት ልጃችሁን ለጋብቻ ብላችሁ ከስምንተኛ ክፍል አታስቀሩአት።