እድራችን ለለቅሶ ብቻ አይሁን
ሞት ሲመጣ የጅማው ሰፈራችን መንደራ ቆጪ አንድ ቤት ይሆናል፦ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ጸሐፊውም መዝገቡን ገልጦ የቀረውን ሰው ይመዘግባል። የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ጉልበት ከቀብር በኋላ ከድስቱ ጋር ተመልሶ መቆለፉ ነው። መሰባሰብ ግን ከለቅሶ አልፎ ለበጎ ሥራ ሊውል ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ሮታሪ ክለብ ስሙን ያገኘው አባላቱ በየተራ በየቢሯቸው ይሰበሰቡ ስለነበር ነው። በየሳምንቱ መገናኘትን ልማድ ያደረጉት የሮታሪ ክለቦች በ1985 ፖሊዮን ለማጥፋት ተነሡ፤ በ2020 አፍሪካ ከዋይልድ ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ሲታወጅ የእነሱም ላብ ነበረበት። በየተራ መሰብሰብ ደግሞ ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ብርቅ አይደለም። ጎረቤት ተጠራርቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ማን እንደታመመ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የቱ ቦይ እንደተደፈነ ሁሉም ይነሣል። የቀረን ሲኒው ከተመለሰ በኋላ አካፋ ይዞ መውጣት ነው፤ የጅማ ዝናብ እንደሆነ ፋታ አይሰጥም፣ የተደፈነ ቦይም ጎርፉን የሚመራው ወደ አቅመ ደካማዋ እናት ደጅ ነው። የእድር ዳኞቻችን ሆይ፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው ቀጥሎ አንድ አጀንዳ ጨምሩልን፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በየሳምንቱ፣ ለሰፈር ሥራ።