የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሁለተኛው አልበም



የመጀመሪያው አልበም በወጣትነት ዘመን ሁሉ የተጠራቀመ ዜማ የሚፈስበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ባጭር ጊዜ ተፀንሶ እንዲወለድ ስለሚጠበቅ፣ የከያኒ መክሊት በእውነት የሚመዘነው በዚህኛው ነው። ስለዚህም ይህ እትም የአሜሪካ ከባድ ሮክና ሜታል ቡድኖችን ሁለተኛ አልበሞች ይመረምራል፤ አይረን በተርፍላይ በ1968 እ.ኤ.አ. የሸክላውን አንድ ገጽ በሙሉ ለ17 ደቂቃ ዘፈን ስለ መስጠቱ፣ ሜታሊካም በ1984 ኮፐንሃገን በቀረጸው «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» በፍጥነት ላይ ዝግታንና ኀዘንን ስለ መጨመሩ ያትታል።

ነገሩ ለእኛ ለአዊ ሰዎች ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከዳንግላ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ)፣ በ2001 በስሟ የሰየመችውን አልበም እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን በመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት አሳጅባ ለዓለም ካቀረበች በኋላ፣ በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» የተባለውን ስታስከትል፣ የሁለቱም አዘጋጅ ቢል ላስዌል ነበረ፤ እርሱም ቀደም ሲል፣ በ1986፣ ሞተርሄድ ለተባለው የእንግሊዝ ከባድ ሮክ ቡድን አልበም ያዘጋጀ ነው። የአገራችን ዜማና የኤሌክትሪክ ጊታር ነጐድጓድ በአንድ ባለሙያ እጅ ማለፋቸውን እያሰባችሁ፣ ጽሑፎቹን በትዕግሥት እንድታነቡ፣ አልበሞቹንም ከዳር እስከ ዳር እንድታዳምጡ በትሕትና አሳስባለሁ።

አዘጋጁ፣ ዳንግላ